ሦስት ቁጥሮችና አንድ ነጭ ወረቀት

አዳራሹ ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ መምህራንና የቤተ መዘክር ሠራተኞች እንዳላችሁ ተነግሮኛል። ለሦስታችሁም የሚሆን ነገር ይዣለሁ። ጥቂት ሒሳብ አለው፤ ግን ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም።

ነገሬን ከአሜሪካ ልጀምር። ጥቅምት 22 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ኖቬምበር 1 ቀን 1941፣ አንሰል አዳምስ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ወደ ሳንታ ፌ እየነዳ ሲመለስ ሄርናንዴዝ የምትባል ትንሽ መንደር አየ። ጨረቃ ከሩቅ ተራሮች በላይ ወጥታለች። ከጀርባው ልትጠልቅ ያለችው ፀሐይ የመጨረሻ ጮራዋን በመቃብሩ መስቀሎች ላይ ጥላለች። መኪናውን አቆመና ትልቁን ካሜራውን ተከለ። ከዚያ ላይት ሜትሩን፣ ማለትም የብርሃን መለኪያውን፣ ቢፈልግ፣ ቢፈልግ አጣው።

ፀሐይ ደግሞ አትጠብቅም። በዚያች ቅጽበት አንድ ቁጥር ትዝ አለው፤ የጨረቃ ገጽ ድምቀት በአንድ ካሬ ጫማ 250 ካንዴላ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በጭንቅላቱ አሰላ። የፊልሙ ፍጥነት 64 ነው፤ ሌንሱ ላይ ያለው ጠቆር ያለ ቢጫ ፊልተር የብርሃኑን ሲሶ ብቻ ያሳልፋል። አፐርቸሩን ኤፍ 32፣ ሹተሩን 1 ሰከንድ አድርጎ አነሣ። ለመተማመኛ ሁለተኛ ሊያነሣ ሲዘጋጅ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ጠፋ። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ፎቶግራፎች አንዱ የሆነው «ጨረቃ ስትወጣ፣ ሄርናንዴዝ» በዚህ ሁኔታ ተገኘ።

አዳምስ ስለ ብርሃን እንዲህ ጠንቃቃ ቢሆንም ስለ ቀን ግን ግድ የለሽ ነበር። ፎቶውን መቼ እንዳነሣው በየጊዜው የተለያየ ዓመት ይሰጥ ነበር። በኋላ ዴቪድ ኤልሞር የተባለ የኮሎራዶ የሥነ ፈለክ ባለሙያ የጨረቃዋን ከፍታና አቅጣጫ ከፎቶው ለክቶ ኦክቶበር 31 ቀን 1941፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10:03 ነው አለ። ሌላው የሥነ ፈለክ ሰው ዴኒስ ዲ ሲኮ ደግሞ ካሜራው የቆመበትን ቦታ ይበልጥ አጣርቶ ቀኑን ወደ ኖቬምበር 1፣ ሰዓቱንም ወደ 10:49 ከ20 ሰከንድ አረመው። ሰዎቹ ሰዓቱን ከፎቶው ውስጥ አወጡ ማለት ነው። እኛ ዛሬ ብርሃኑን እናወጣለን።

አዳምስ የብርሃኑን ልክ ያውቅ ነበርና የካሜራውን ቁጥሮች አገኘ። መንገዱን ብንገለብጠውስ? ካሜራው ቁጥሮቹን ከነገረን፣ በቦታው የነበረውን ብርሃን በሉክስ (የሚያርፍ ብርሃን በሚለካበት አሃድ) ማስላት እንችላለን። እንችላለን፤ ሒሳቡም ቀላል ነው። አስቸጋሪው ካሜራው ምን እያየ እንደነበር ማወቅ ነው። ዛሬ አጥብቄ የምነግራችሁ ይህንን ነው።

በመጀመሪያ ለምን ቁጥር አስፈለገን? ዓይናችን ብርሃንን በመለካት ረገድ እጅግ ደካማ ስለሆነ ነው። ይህን የምለው ዓይንን ለማሳነስ አይደለም። ከጨረቃ ብርሃን እስከ ቀትር ፀሐይ ድረስ መሥራት የቻለው ራሱን ስለሚያስተካክል ነው፤ ራሱን የሚያስተካክል ነገር ደግሞ መለኪያ መሆን አይችልም። የቀትር ፀሐይ በግርድፉ 100,000 ሉክስ ናት። በደንብ ሙሉ የሆነች ጨረቃ ከሩብ ሉክስ ብዙም አትዘልም። አንድ ሻማ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ወረቀት ላይ የሚጥለው 1 ሉክስ ያህል ነው። ከውጭ ወደ ቤት ስትገቡ ብርሃኑ መቶ እጥፍ ሊቀንስ ይችላል፤ እናንተ ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ቤቱ ብርሃን ነው» ብላችሁ ጋዜጣ ታነባላችሁ። ካሜራ እንዲህ አይሸነገልም። ያደረገውን ማስተካከያ ሁሉ በቁጥር ይጽፈዋል።

ቁጥሮቹን ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ታውቋቸዋላችሁና ፈጠን ብዬ ልለፍ። አፐርቸር ሌንሱ ምን ያህል እንደተከፈተ ይናገራል። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል፤ የሚገባው ብርሃን የሚቀንሰው በቁጥሩ ሳይሆን በቁጥሩ ካሬ ነው። ከኤፍ 4 ወደ ኤፍ 8 ስትሄዱ ብርሃኑ ግማሽ ሳይሆን ሩብ ይሆናል። የሹተር ፍጥነት ብርሃኑ የሚገባበት ጊዜ ነው። አይኤስኦ ደግሞ ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት ነው። ብርሃን በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ያንን አንድ ስቶፕ እንላለን። ሦስቱም በዲጂታል ካሜራና በስልክ በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ፣ ኤግዚፍ በሚባለው መዝገብ፣ ይቀመጣሉ።

አሁን ቀመሩ ይኸው፦

ሉክስ = 250 × አፐርቸር × አፐርቸር ÷ (የሹተር ጊዜ በሰከንድ × አይኤስኦ)

ሁላችሁም በምታውቁት እንፈትነው። የፊልም ዘመን ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ላይት ሜትር አያወጡም ነበር። አፐርቸሩን ኤፍ 16 ያደርጉና ሹተሩን ከፊልሙ ፍጥነት ጋር ያስተካክላሉ፤ ፊልሙ 100 ከሆነ የሰከንድ መቶኛ። በቀመሩ እናስገባው። 16 በ16 ሲባዛ 256፤ በ250 ሲባዛ 64,000። ለሰከንድ መቶኛ ማካፈል በ100 ማባዛት ነው፤ መልሰን ለአይኤስኦ 100 ስናካፍል እዚያው 64,000 ሉክስ ላይ እንቆማለን። የቀትር ፀሐይ 100,000 ናት ካልን አነሰ ትሉኝ ይሆናል። የስቶፕ ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም፤ የድሮ ሰዎች ደግሞ ፊልም ትንሽ ቢበዛበት ይችለዋል ብለው ወደ ደኅናው ወገን ያደሉ ነበር። አንድ ሳንቲም የመለኪያ ዕቃ ሳይገዛ የተገኘ ቁጥር ነውና እኔ አልንቀውም።

250 ከየት መጣ የሚል ካለ፣ ከስምምነት ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. የዌስተን የኤሌክትሪክ መለኪያዎች ኩባንያ በእጅ የሚያዝ፣ በሴሊኒየም የሚሠራ ላይት ሜትር ለገበያ አቀረበ። ባትሪ አያስፈልገውም፤ ብርሃኑ ራሱ መርፌውን የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ከዚያ በኋላ የመጡት አምራቾች ብርሃንን ከካሜራ ቁጥር ጋር የሚያገናኘውን ቋሚ ቁጥር እንደየምርጫቸው አስቀመጡ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣው አይኤስኦ 2720 የሚባለው ደረጃ እንኳ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር አልሰጠም። በዕቃው ላይ ለሚያርፍ ብርሃን ጠፍጣፋ መቀበያ ላላቸው ሜትሮች ከ240 እስከ 400፣ ከዕቃው ለሚመለስ ብርሃን ከ10.6 እስከ 13.4 ብሎ ተወ። ካኖን፣ ኒኮንና ሴኮኒክ ለሚመለሰው ብርሃን 12.5ን መረጡ። ሚኖልታና ፔንታክስ 14ን። የሁለቱ ልዩነት የስቶፕ ስድስተኛ ብቻ ስለሆነ ማንም ተጣልቶበት አያውቅም።

ይህችን 12.5 ያዙልኝና ወደ ሄርናንዴዝ እንመለስ። አዳምስ በጭንቅላቱ የሠራውን ከቁጥሮቹ ተነሥተን ወደ ኋላ እንሥራው። 32 በ32 ሲባዛ 1,024 ነው። ለ1 ሰከንድና ለ64 ሲካፈል 16። በ12.5 ሲባዛ 200። ፊልተሩ ሲሶውን ብቻ ስላሳለፈ በ3 ስናባዛ 600። ይህ ካሜራው መካከለኛ ግራጫ አድርጎ የሚያወጣው ድምቀት ነው። አዳምስ ግን ጨረቃዋ ግራጫ እንድትሆንበት አልፈለገም፤ ከመካከለኛው ሁለት ስቶፕ ከፍ አድርጎ አስቀመጣት። ስለዚህ በ4 እናባዛለን፤ 2,400 ካንዴላ በካሬ ሜትር። ያስታወሳት 250 ካንዴላ በካሬ ጫማ ወደ ሜትር ስትለወጥ ወደ 2,690 ትመጣለች። ልዩነቱ ከመቶ 11 ያህል ነው፤ በስቶፕ ቢሆን ያችው ስድስተኛ። ብርሃን እየሸሸ፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ! የተደነቅሁት በትክክለኛነቱ ብቻ አይደለም። ጨረቃ በራሷ የምታበራ ሳትሆን የኛው ፀሐይ ያረፈባት ድንጋይ እንደሆነች፣ ስለዚህም በሌሊት እንኳ የቀን ብርሃን ኤክስፖዠር (የሹተርና የአፐርቸር ልክ) እንደምትፈልግ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ዛሬም ስልካቸውን ወደ ጨረቃ ደግነው ነጭ ነጠብጣብ ብቻ የሚያገኙ ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። አዳምስ በ4 ማባዛት እንዳለብን ባይነግረን ኖሮ የጨረቃዋ ድምቀት 600 ነው ብለን እንሄድ ነበር። አራት እጥፍ ስሕተት። ሦስቱ ቁጥሮች በእጃችን ነበሩ፤ የጎደለን አራተኛው ነው። የታየው ነገር ያረፈበትን ብርሃን ምን ያህሉን ይመልሳል?

ካሜራ ነጭ ነገር ከጥቁር አይለይም። ፊቱ የተደቀነውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል፤ ያረፈበትን ብርሃን 18 ከመቶ ገደማ ብቻ የሚመልስ። የጥምቀትን ፎቶ አንሥታችሁ የምታውቁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ጥር 11 ቀን በጃን ሜዳ ወይም በጎንደር የፋሲል መጠመቂያ ዙሪያ ሕዝቡ ነጭ በነጭ ለብሶ ሲወጣ፣ የታጠበ ነጠላ ያረፈበትን ብርሃን ብዙውን እጅ መልሶ ይልከዋል። 80 ከመቶ ብንል ካሜራው ከጠበቀው ከሁለት ስቶፕ በላይ ይበልጣል። ካሜራው ይደነግጥና ብርሃን ይቀንሳል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፤ ፊት ደግሞ ጠቁሮ ዓይንና አፍንጫ አይለይም። ልምድ ያለው አንሺ በራሱ ፈቃድ አንድ ስቶፕ ተኩል ወይም ሁለት ይጨምርና ይገላገላል። ከፎቶው ተነሥቶ ብርሃን የሚያሰላ ሰው ግን ይህን ካላወቀ በጥምቀት ቀን ፀሐይ ከአራት እጥፍ በላይ ደመቀች ብሎ ሊጽፍ ነው።

መፍትሔው ካሜራውን የምናውቀውን ነገር ማሳየት ነው። በየሱቁ የሚሸጥ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንድ ቅጠል ይበቃል። ነጭ ወረቀት ያረፈበትን ብርሃን 80 ከመቶ ያህል፣ ጥሩው ከዚያም በላይ ይመልሳል። የሚመለሰውን ወደሚያርፈው ለመለወጥ በ3.14 እናባዛና በ0.8 እናካፍላለን። 12.5 በ3.14 ሲባዛ፣ ለ0.8 ሲካፈል 49 ነው። 50 እንበለው። ስለዚህ ካሜራው ነጭ ወረቀት ብቻ እያየ ከሆነ 250ን ጣሉና 50ን ተጠቀሙ፦

ሉክስ = 50 × አፐርቸር × አፐርቸር ÷ (የሹተር ጊዜ × አይኤስኦ)

ከዚህ በኋላ ያለችው አቋራጭ ለኔ ከሁሉም ትጥመኛለች። አይኤስኦውን 400፣ አፐርቸሩን ኤፍ 2.8 አድርጉ። 2.8 በ2.8 ሲባዛ 8 ለማለት ይቀርባል፤ 8 በ50 ሲባዛ 400፤ ለ400 ሲካፈል 1። ምን ቀረ? የሹተር ፍጥነቱ ብቻ! ካሜራው የሰከንድ ስልሳኛ ካለ ወረቀቱ ላይ ያለው ብርሃን 60 ሉክስ ነው። ሁለት መቶ ሃምሳኛ ካለ 250 ሉክስ። ሌንሳችሁ እስከ ኤፍ 4 ብቻ የሚከፈት ከሆነ አይኤስኦውን 800 አድርጉ፤ ነገሩ ያው ነው። ኤፍ 5.6 ከሆነ 1600። ካልኩሌተር የማያስፈልገው ሉክስ ሜትር አገኛችሁ።

አለካኩን በዝርዝር ልናገር፤ ስሕተት የሚገባው እዚህ ላይ ነውና። ወረቀቱን ብርሃኑን ማወቅ በምትፈልጉበት ቦታ ላይ አኑሩት። ተማሪ የሚጽፍበት ዴስክ ከሆነ ዴስኩ ላይ ተኝቶ፤ ጥቁር ሰሌዳ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ቆሞ። ተኝቶና ቆሞ የሚለካው ብርሃን አንድ አይደለም። ካሜራውን በአፐርቸር ምርጫ ላይ አድርጉትና ወረቀቱ ብቻ ፍሬሙን እንዲሞላ ቅረቡ። ምስሉ ቢደበዝዝ ግድ የለም፤ ብርሃኑን እንጂ ጽሑፍ አናነብም። የራሳችሁ ጥላ ወረቀቱ ላይ እንዳያርፍ ከጎን ቁሙ። ወረቀቱ እንዳያብረቀርቅ ከመስኮቱ ትይዩ አትሁኑ። የኤክስፖዠር ማካካሻው ዜሮ ላይ መሆኑን ሁለት ጊዜ እዩ፤ ከቀደመው ሥራ ተረስቶ የቀረ አንድ ስቶፕ መልሱን በእጥፍ ያዛባዋል። ፍላሽ ይጥፋ።

የአገራችን መብራት አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ዓይን አያየውም፤ ሹተር ግን ያየዋል። ከሰከንድ መቶኛ የፈጠነ ሹተር አንዱን ምት ብቻ ሊይዝ ስለሚችል፣ ሦስት አራት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ውሰዱ። ወይም አይኤስኦውን ቀንሳችሁ ሹተሩን አዘግዩትና በሙሉው ቀመር አስሉ።

ስልክ ብቻ ያላችሁ አትከፉ። የአብዛኛው ስልክ አፐርቸር አይለወጥም፤ ኤፍ 1.8 ከሆነ 1.8 በ1.8 በ50 ሲባዛ 162 ነው፤ ያንን ለሹተሩ ጊዜና ለአይኤስኦው አካፍሉ። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። ስልክ በጨለማ ብዙ ፎቶ አንሥቶ በአንድ ላይ ይቀላቅላልና መዝገቡ ላይ የሚጽፈው የሹተር ጊዜ አይታመንም፤ የሌሊት ሁነታውን አጥፉት። ሌላው፣ ፎቶው በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ እንደ ፎቶ ከተላከ ኤግዚፉ ተገፍፎ ይጠፋል። በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩት፤ መዝገቡ ሳይነካ ይደርሳል።

ምን ያህል ይታመናል? ሌንስ ከሚገባው ብርሃን ጥቂቱን ያስቀራል፤ ለዚህ ነው የሲኒማ ሌንሶች በኤፍ ሳይሆን በእውነት በሚያሳልፉት ብርሃን የሚለኩት። ጠርዙ ከመሐሉ ይጨልማል። አምራቾች 400 ብለው የሚጽፉት አይኤስኦም እውነተኛ 400 ላይሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከመቶ 20 ወይም 30 ቢሳሳት አይግረማችሁ። ለብርሃን ግን ይህ ትልቅ ስሕተት አይደለም፤ ዓይን ከመቶ 20 የሚሆን ለውጥ ብዙ ጊዜ ልብ አይልም። የአንድ ክፍል ብርሃን ከሌላው በአሥር እጥፍ በሚለይበት ዓለም ውስጥ በሩብ የሚሳሳት መለኪያ ብዙ ያስተምራል። የታመነ ሉክስ ሜትር ከተዋሳችሁ ደግሞ አንድ ጊዜ አጠገብ ለአጠገብ አነጻጽሩና የካሜራችሁን ቁጥር 50 መሆኑ ቀርቶ 45 ወይም 58 አድርጉት። ከዚያ ወዲያ የራሳችሁ ነው።

ከዚህም የተሻለ ዘዴ አለ። ሁለት ቦታ ለክታችሁ ስታካፍሉ ስሕተቱ ይጣፋል። አይኤስኦው ቢዋሽ በሁለቱም ቦታ እኩል ይዋሻል፤ ሌንሱ ቢሰርቅ እኩል ይሰርቃል። የሕንጻ ባለሙያዎች የአንድን ክፍል የቀን ብርሃን የሚመዝኑት በዚህ መንገድ ነው። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ በደመና ሲሸፈን በውስጥና በውጭ ይለካሉ፤ የውስጡ የውጭው ስንት ከመቶ እንደሆነ ያወጣሉ። ከ2 ከመቶ በታች ከሆነ ክፍሉ ጨለማ ነው፣ በቀን መብራት ይፈልጋል ይባላል። የሐምሌና የነሐሴ ሰማያችን ለዚህ ልኬት የተሠራ ይመስላል። ካሜራው የሰጣችሁን የሹተር ፍጥነት ብቻ ማካፈል ነው፤ በውጭ የሰከንድ አራት ሺሕኛ፣ በውስጥ የሰከንድ አርባኛ ካለ፣ 1 ከመቶ ነው። ቀመርም አያስፈልግ።

የቤተ መዘክርና የዕቃ ቤት ሰዎች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ለብራና መጻሕፍት፣ ለቀለም ሥዕሎቻቸውና ለጨርቅ ቅርሶች የቤተ መዘክር ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ የተስማሙበት ልክ 50 ሉክስ ነው። ለዘይት ቀለም ሥዕል 200። በአቋራጫችን 50 ሉክስ ማለት፣ አይኤስኦ 400፣ ኤፍ 2.8፣ የሰከንድ ሃምሳኛ ነው። ካሜራችሁ ከዚያ የፈጠነ ሹተር ካሳያችሁ ብርሃኑ በዝቷል። ጉዳቱም የሚጠራቀም ነው፤ በ50 ሉክስ ለ10 ሰዓት የተገለጠ ብራና በ500 ሉክስ ለ1 ሰዓት የተገለጠውን ያህል ይጎዳል። ስለዚህ አንድ ጎብኚ ለሰዓት ያህል መስኮት ዳር ያስገለጠው መጽሐፍ ሙሉ ቀን በልኩ ከታየው ጋር እኩል ዋጋ ከፍሏል። አንድ ነገር ግን ካሜራ አይነግራችሁም። ከሚታየው ብርሃን ይልቅ ቀለምን ክፉኛ የሚበላውን አልትራቫዮሌት አይለካም። የመስኮት ብርሃን በሉክስ ትንሽ ሆኖም ጎጂ ሊሆን ይችላልና ቁጥሩ ደኅና ነው ብላችሁ መጋረጃውን አትክፈቱ።

መምህራን፣ የናንተ ችግር ተቃራኒው ነው። የአውሮፓው የሥራ ቦታ መብራት ደረጃ በ2011 እ.ኤ.አ. እትሙ ለመማሪያ ክፍል 300 ሉክስ፣ ለቢሮ ንባብና ጽሕፈት 500፣ ለልብስ ስፌት ደግሞ 750 ያዝዝ ነበር። አንድ ክፍል እንውሰድ። በመስኮቱ ዳር ያለው ዴስክ ላይ ወረቀቱን ስናኖር፣ በአይኤስኦ 400ና በኤፍ 2.8 ካሜራው የሰከንድ አምስት መቶኛ አለ እንበል፤ 500 ሉክስ ገደማ። ማለፊያ ነው። ከኋላ ጥግ፣ ግድግዳው ዘንድ ባለው ዴስክ ላይ የሰከንድ ስልሳኛ ካለ 60 ሉክስ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ የሚያነቡ ሁለት ልጆች መካከል ስምንት እጥፍ ልዩነት! መምህሩ መሐል ላይ ቆሞ ዓይኑ ተላምዶ ይህን ፈጽሞ አያየውም። «ከኋላ የሚቀመጡት ሰነፎች ናቸው» የሚለውን የድሮ ፍርድ በዚህ ቁጥር ፊት እንደገና ማየት ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

ማሻሻያው ሁልጊዜ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ግድግዳን በነጭ ኖራ መቀባት፣ የተጋረደ መስኮት መክፈት፣ ከቆርቆሮው መሐል አንድ ሁለቱን ብርሃን በሚያሳልፍ የጣሪያ ሽፋን መተካት፣ ዴስኮችን ማዟዟር። ዋናው ነገር ከሥራው በፊትና በኋላ መለካት ነው፤ ለወላጅ ኮሚቴም ለበጀት ኃላፊም «ጨለማ ነው» ከማለት ይልቅ «60 ነበር፤ 210 ሆነ፤ 300 ለመድረስ ገና ይቀረናል» ማለት ክርክር ያሳጥራል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ነገ ወደየሥራችሁ ስትመለሱ አንድ ነጭ ወረቀትና ካሜራ ወይም ስልክ ይዛችሁ ግቡ። ከመስኮቱ ሳይሆን ከኋላው ጥግ ጀምሩ። ቁጥሩን ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በደብተር ጻፉት፤ መምህር ከሆናችሁና ከ300 በታች ከሆነ የርእሰ መምህሩን በር አንኳኩ።